ቦክሰር 150፦ የኋላ አሞርዛተር ስንተኛው ጥርስ ላይ ይሁን? (የምጭነው እንቁላል ነው)

እንቁላል_ጫኝ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ግን ኪሴን እየነካኝ ስለሆነ ታገሡኝ።

የምነዳው ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ነው። ከሰው ነው የገዛሁት፣ እጄ ከገባ አራት ዓመቱ። ሥራዬ ከኮምቦልቻ እንቁላል ጭኜ ደሴ ላሉ ሱቆችና ቁርስ ቤቶች ማድረስ ነው። ስምንት ትሪ፣ በየትሪው 30፣ በድምሩ 240 ፍሬ። ከኋላ ባሠራሁት ፖርቶመጋላ ላይ ሣጥን አለ፣ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ከወር በፊት አንድ ጋራዥ ገባሁና "ዕቃ ስለምጭን ኋላው ይጠንክርልኝ" አልኩ። ልጁ መንጠቆ የመሰለች ቁልፍ አምጥቶ አሞርዛተሩን እስከ መጨረሻው ጥርስ (ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቀው ቀለበት የመጨረሻ ደረጃ) አዞረው። በዚያ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በሞላው ቀለበቶች መሃል ሰካ። "አሁን ሲኖትራክ ሆነልህ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን ኮብልስቶን ላይ ኋላው እንደ በቅሎ ይራገጣል። ድሮ በቀን ሦስት አራት እንቁላል ነበር የሚሰበርብኝ፣ አሁን ስምንትና አሥር ይደርሳል። በዚያ ላይ ከደሴ ስመለስ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ኩርባው ላይ ፊቱ ይዋልላል። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤው እንኳን ወዲህ ወዲያ ይላል። ይሄ ድሮም ትንሽ ነበረበት፣ አሁን ባሰ።

አምስት ጥርስ አለው። ስንተኛው ላይ ላድርገው?

ጋሽ_ቺያቬ፣ ደሴ

ልጄ፣ አንተ ጥርስ ከመጠየቅህ በፊት እኔ ጥቂት ልጠይቅህ።

ኪሎህ ስንት ነው? የጎማህን ንፋስ በጌጅ የለካኸው መቼ ነው? "ጎሚስታው በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየው" ካልከኝ አልተለካም። ግራና ቀኙ አሞርዛተር እኩል ጥርስ ላይ ናቸው ወይ? የፊት ፎርኩ (የፊት አሞርዛተሩ) ላይ ዘይት ይታያል?

ያቺን የጎማ ቁራጭ ግን መልስህን ሳልጠብቅ ዛሬውኑ አውጣት። ሞላ የሚሠራው ቀለበቶቹ በሙሉ ሲጠጋጉና ሲራራቁ ነው። ሁለቱን በጎማ ካሰርካቸው የቀሩት የእነሱንም ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ጉድጓድ ስትገባ ቶሎ ይደርቃሉ (ተጨምቀው ያልቃሉ)፣ ድው ይላል። ውሎ አድሮ ደግሞ ሞላው ጎማው ከተሰካበት አጠገብ ቀንጠስ ይላል። እንዲህ የተሰበረ ሞላ በእጄ አውጥቼ አውቃለሁ።

ሐዋሳ_02

እኔ ሰው ነው የምጭነው። አምስተኛው ጥርስ ላይ ካደረግኩት ሦስት ዓመቴ፣ ምንም አልሆንኩም። ካላጠነከርከው ኋላው ይተኛል፣ ማታ መብራቱ መንገዱን ትቶ ዛፍ ዛፉን ነው የሚያሳይህ። ወንድሜ፣ ጠንካራ ነገር ነው የሚረጋጋው። እዚያው ተወው።

የመስኳ_ልጅ፣ ባቲ

እንቁላል ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ።

እንቁላል_ጫኝ፣ የጫንከውን መዝነኸው ታውቃለህ? የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል አንዱ 55 ግራም ቢሆን 240ው 13 ኪሎ ገደማ ነው። ከነሣጥኑ ከነትሪው 17 በለው። ይሄ እኮ ደህና በግ አያክልም! ሐዋሳ_02 የሚጭነው ሰው 70 ኪሎ ነው። የእሱን ጥርስ ለአንተ መስጠት የወንድምህን መነጽር እንደ ማድረግ ነው።

ትልቅ ስለሚመስል ነው ከባድ የመሰለህ። ለነገሩ እኔም ክትባት ስጭን ሣጥኑ ትልቅ ስለሆነ "ጭነት በዛብኝ" እላለሁ፣ ውስጡ ግን ግማሹ በረዶ ነው።

እንቁላል_ጫኝ

እውነትሽን ነው፣ መዝኜው አላውቅም ነበር። አሁን ባለሱቁ ጋ አስቀመጥኩት፤ ከነሣጥኑ 16 ኪሎ ተኩል። እኔ 68 ነኝ።

ጋሼ፣ የጎማ ቁራጩን አወጣሁት። አሞርዛተሮቹን ሳያቸው ግን ጉድ ነው። ቀኙ አምስተኛው ላይ ነው፣ ግራው ሦስተኛው ላይ። ልጁ አንዱን ብቻ ነው እንዴ ያዞረው?

ጋሽ_ቺያቬ

ግራው ዝጎ እምቢ ብሎት ይሆናል። የተለመደ ነው።

ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የኋላው ሹካ በየጉድጓዱ ይጠማዘዛል። አንዱ ወገን ሲገፋ ሌላው ይዘገያል። ለመዋለሉ ያ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ብቸኛው ነው ግን አላልኩም፤ ድሮም ነበረበት ብለሃላ።

ሙኒክ_ነኝ

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ከጀርመን ነኝ፣ ቢኤምደብሊው ነው የምነዳው። ይሄ ነገር በስሜት አይሠራም፣ በሜትር ነው። መለኪያ ሜትርና አንድ ጓደኛ ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው ታቆመዋለህ፣ የኋላ ጎማ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል። ከጎማው ፔርኖ (መሃል ዘንጉ) ተነስተህ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ጎኑ ላይ ባለው ፕላስቲክ ላይ ምልክት አድርግ። ርቀቱን በሚሊ ሜትር ጻፍ። ከዚያ አውርደህ ጭነትህን ጭነህ፣ የምትለብሰውን ለብሰህ ተቀመጥ፣ እግርህን ከፍ አድርግ። ጓደኛህ ከዚያችው ምልክት ይለካ። ልዩነቱ አንተ ስትቀመጥ የሚሰምጠው ነው። አስፋልት ላይ ለሚውል ሞተር ጎማው መውጣትና መውረድ ከሚችለው ጠቅላላ ርቀት ከአራት አንዱ እስከ ሦስት አንዱ ቢሰምጥ ጥሩ ነው።

ከዚያ የመጨመቂያውንና የመመለሻውን ክሊክ (ቀጭ እያለ የሚዞር ማስተካከያ) ታስተካክላለህ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝጋ፣ ከዚያ እየቆጠርክ ክፈት...

ጋሽ_ቺያቬ

አንተ ልጅ፣ ክሊክ የሚባል ነገር ቦክሰር ላይ የለም። የመለካቱ ነገር ግን ልክ ነው፣ እሱን አመስግኜሃለሁ። አንድ ልጨምርበት። አሮጌ አሞርዛተር ይነክሳል፤ ከላይ ተጭነህ ስትለቀው አንድ ቦታ ይቆማል፣ ከታች አንስተህ ስትለቀው ሌላ ቦታ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለኩ። አንዴ ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ አንዴ አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መሃሉን ያዙ።

ሐዋሳ_02

ቆይ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ጥርሱን ሳዞረው ሞላው ይጠነክራል አይደል? ከጠነከረ እንዴት ነው የማይረጋጋው?

ጋሽ_ቺያቬ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው፣ መካኒኩም ጭምር። ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለውን የሞላ ሚዛን አስበው። አንድ ኪሎ ስትሰቅልበት አንድ ጣት ይወርዳል እንበል። ሁለት ብትሰቅል ሁለት ጣት። አሁን ሚዛኑን አስቀድመህ በሽቦ ጎትተህ ሁለት ኪሎ ላይ እሰረው። አንድ ኪሎ ብትሰቅልበት ምንም አይወርድም። ሁለትም ብትሰቅል ያው። ሦስተኛው ኪሎ ላይ ግን እንደ ድሮው አንድ ጣት ይወርዳል። አራተኛው ላይም አንድ ጣት። ሽቦህ ሞላውን አላጠነከረውም፤ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ነው የቀየረው።

ጥርሱም ያው ሽቦው ነው። ሞላውን አስቀድመህ ትጨምቀዋለህ። ጭነት ሲበዛ የተኛውን ኋላ ያነሳልሃል፣ ሐዋሳ_02 ለአንተ የሠራልህ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሰው ስትሆኑ ኋላው ቁመቱን ጠብቆ እንዲቆም ያስፈልግሃል። ትክክል ነህ፣ ለአንተ።

ቀላል ጭነት የያዘ ሰው እንደ አንተ ቢያደርግ ግን ኋላው ቁመቱን አልፎ ይቆማል። ጎማው ወደ ላይ ለመውጣት ቦታ አለው፣ ወደ ታች ለመውረድ ግን የለውም። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ወርዶ መሬቱን መከተል ሲገባው አየር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ዘጭ ይላል። መራገጥ ያልከው ይሄንን ነው ልጄ። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መንገድ አይዝም። በዚያ ላይ ኋላው ከፍ ሲል የፊት ፎርኩ ቀጥ ወደ ማለት ይሄዳል፣ መሪው ቅልል ይላል፣ ይቅበጠበጣል። ኋላው ሲተኛ በተቃራኒው ፎርኩ ይጋደማል፣ ኩርባ ላይ አልታጠፍም ይላል።

ሐዋሳ_02

የሥጋ ቤቱ ገባኝ። እሺ አንተ አሸነፍክ ጋሼ። ግን አንዳንዴ ሦስት ስንሆን አምስተኛውም ላይ ሆኖ ይደርቃል።

ጋሽ_ቺያቬ

ሦስት ስትሆኑማ ጥርሱ ምን ያድርግ? ያ የሞላ ጥያቄ አይደለም፣ የትራፊክ ፖሊስ ጥያቄ ነው።

የመስኳ_ልጅ

የእኔን ልንገራችሁ፣ የተቃራኒው ነው። የመሥሪያ ቤት የመስክ ሞተር ተሰጠኝ፣ ከኋላ አንድ አሞርዛተር ነው ያለው። ከእኔ በፊት የነዳው ሰውዬ 95 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ 51 ነኝ። ስቀመጥበት እግሬ መሬት አይደርስም፣ በጣቶቼ ጫፍ ነው የምቆመው። ሁለት ጊዜ ቆሜ ባለሁበት ጭቃ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ሁሉም "ሴት ስለሆንሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" አለኝ።

ለካሁት። ከነዕቃዬ ስቀመጥ የሚሰምጠው 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል ይወርዳል። ከአራት አንዱ እንኳ ቢሆን ከ50 በላይ መስመጥ ነበረበት።

የዚህኛው እንደ እናንተ ባለ ደረጃ ጥርስ የለውም፣ እንደ ዳዶ የሚዞር ሁለት ቀለበት ነው። አንዱ ሌላውን ይቆልፈዋል። ጭቃው ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። መጀመሪያ በብሩሽና በነጭ ጋዝ ቀለበቶቹ የሚዞሩበትን የቡሎን ጥርስ አጠብኩት። ይሄን ሳያደርግ በመዶሻ የሚመታ ሰው አለ፣ ጥርሱ ተበልቶ ይቀራል። ከዚያ የላይኛውን ፈታሁ፣ የታችኛውን አላላሁ፣ እንደገና ለካሁ። አራት ጊዜ ተመላልሼ 58 ላይ አቆምኩት። አሁን እግሬ ተረከዜ ብቻ ሲቀር መሬት ይደርሳል። ለካ መልመድ አልነበረም ችግሩ።

ኋላው ስለወረደ ካቴናውንም አየሁት። ቁመቱ ሲቀየር የካቴናው ልቅነትም አብሮ ይለወጣል፣ አትርሱት።

ሙኒክ_ነኝ

እህቴ፣ አድናቂሽ ነኝ።

እንቁላል_ጫኝ

የመለኪያ ውጤት! የእህቴ ልጅ ነው ሜትር የያዘልኝ።

በነበረበት ሁኔታ፣ ማለትም ቀኙ 5 ግራው 3፣ ተንጠልጥሎ 430 ሚሊ ሜትር። ከነእንቁላሉ ስቀመጥ 416። የሰመጠው 14 ብቻ! ጎማው የሚሄደው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ብለን ካሰብን 30 አካባቢ መሆን ነበረበት።

ግራው በእርግጥም ዝጎ ነበር። ዘይት ነክቼ አሳድሬው ጠዋት እሺ አለ። ሁለቱንም 2 ላይ አደረግኩ። አሁን 27 ይሰምጣል። አንደኛው ላይ ሞክሬ 33 ሆነብኝ፣ ወደ ሁለት መለስኩት።

ዛሬ ደሴ ደርሼ ቆጠርኩ፤ ሦስት ተሰበረ። ትናንት ዘጠኝ ነበር። ኮብልስቶኑ ላይ መራገጡ የለም። ሐረጎ ላይ ግን ፊቱ አሁንም ይዋልላል። ትንሽ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

ጋሽ_ቺያቬ

ጎበዝ። አሁን ወደ ፊት እንምጣ። መጀመሪያ የጠየቅኩህን የጎማ ንፋስ አልመለስክልኝም።

እንቁላል_ጫኝ

አፍሬ ነው ጋሼ። ለካሁት። ፊት 17፣ ኋላ 41 ፒኤስአይ (ጌጁ የሚያሳየው የንፋስ ግፊት)።

ጋሽ_ቺያቬ

አርባ አንድ! እንግዲህ እንቁላልህ በድንጋይ ጎማ ላይ ነበር የሚሄደው። ጎማ የመጀመሪያው አሞርዛተር ነው። እሱ ካልተስተካከለ ከበላዩ ያለውን ማስተካከል ጊዜ መጨረስ ነው። ለእንደነዚህ ዓይነት ሞተሮች ፊት 25፣ ኋላ ብቻህን ስትሆን 28፣ ሰው ስትጭን 32 የተለመደው ነው። የራስህ ሞተር መጽሐፍ ወይም ተለጣፊው ላይ የተጻፈውን አስቀድም። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካ፣ ከመንዳት በኋላ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ጎማውን ካስተካከልክ በኋላ ሦስት ነገር አድርግ።

የፊት ፍሬኑን ይዘህ መሪውን በደንብ ተጫነውና ልቀቀው። ወርዶ፣ ተነስቶ፣ ቆመ ካለ ውስጡ ያለው፣ መዝለሉን የሚገታው ዘይት ይሠራል። ወርዶ ተነስቶ ደግሞ ወርዶ ደግሞ ከተነሳ ዘይቱ ሞቷል፤ ሞላው ብቻውን ነው የሚጫወተው። ኋላውንም እንደዚሁ ሞክረው።

ከዚያ በመሃል ማቆሚያው አቁመህ ሰው ኋላውን ይጫንልህ፣ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ከግራ ወደ ቀኝ አዙር። መሃል ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆርቆር ብሎ ከያዘህ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ፎርኩን ከታች ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋ ጎትት። ቅጭልጭል ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል።

ሙኒክ_ነኝ

ጋሼ እስኪመለሱ የራሴን ሞኝነት ላውራ።

ሞተሬ መመለሻውን ማስተካከያ አለው። አሞርዛተሩ ከተጨመቀ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ የሚወስን ቡሎን ነው። አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ሣጥን ጭኜ ከ130 በላይ ስሄድ ኋላው ይወዛወዝብኝ ነበር። "አጠብቀዋለሁ" ብዬ መመለሻውን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። አውቶባኑ ላይ ደስ አለኝ። ከተማ ስገባ ግን አሮጌው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲኦል ሆነ። ጎማው አንዱን ድንጋይ ዘሎ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ሦስተኛው ይመጣል። አሞርዛተሩ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ፣ በመጨረሻ ብረት ላይ ተቀምጬ የምሄድ ያህል ሆነ። እኔ ደግሞ ሞላው የደነደነ መስሎኝ ሞላውን አላላሁት፣ ባሰበት!

አንድ የማውቀው መካኒክ ነው የነገረኝ። ያ ሁሉ መወዛወዝ የሣጥኑ ነበር። ከኋላ ጎማ ፔርኖ በስተኋላ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ክብደት ፊቱን ያቀለዋል። ከባዱን ዕቃ ወደ ፊት፣ ወደ ታች አመጣሁት፣ ክሊኩን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መለስኩት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አንዴ አንድ ነገር ብቻ ነው የምነካው፣ የነካሁትንም እጽፋለሁ።

እንቁላል_ጫኝ፣ ያንተስ ሣጥን የት ነው የተቀመጠው?

እንቁላል_ጫኝ

ከኋላ መብራቱ አልፎ ነው። ፖርቶመጋላውን ያሠራሁት ትልቅ አድርጌ ነው፣ ወደፊት 12 ትሪ እጭናለሁ ብዬ። 16 ኪሎም ቢሆን ለካ ቦታው ነው። አንድ ስንዝር ወደ ፊት አስጠጋዋለሁ፤ ወንበሩ ለእኔ ይበቃኛል።

የመስኳ_ልጅ

ትሪዎቹ ሥር የጤፍ ጭድ ንጥፍ አድርግ። አሞርዛተሩ ትልልቁን ጉድጓድ ይይዝልሃል፣ ኮብልስቶኑ የሚፈጥረውን ደቃቅ መንቀጥቀጥ ግን ጭድ ነው የሚይዘው። ሹል ጫፉን ወደ ታች ማድረግህን ደግሞ እርግጠኛ ሁን።

እንቁላል_ጫኝ

የጋሼን ሙከራ አደረግኩ።

ኋላው ወርዶ ተነስቶ ይቆማል፣ ደህና ነው። ፊቱ ሦስት ጊዜ ይዘላል። የግራው ፎርክ ላይ ከአቧራ መከላከያው ላስቲክ ሥር ጥቁር የዘይት ቀለበት አለ። መሪው መሃል ላይ ይይዛል! በጣም ግልጽ ነው፣ ቀጥ ሲል ቁልፍ የገባ ይመስላል።

ጋሽ_ቺያቬ

አገኘኸው እንግዲህ። የሐረጎው መዋለል ይሄ ነው። የኩሽኔታው ጥራጥሬ (ክብ ክብ ብረቶቹ) ለዓመታት ያው መሃል ላይ እየተመታ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሞተር ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሪው በየቅጽበቱ ትንሽ ትንሽ እየተስተካከለ ነው፤ አንተ ሳታውቀው። ጉድጓዱ ያንን ይከለክለዋል። ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል። አሞርዛተር ብትቀያይር ዘላለም አይተውህም። ከነመቀመጫው አስቀይረው፣ ጥራጥሬውን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም።

ፎርኩን በተመለከተ። ፓራኦሊውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ላስቲክ) ለማስቀየር አትቸኩል። አንዳንዴ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ነች ከንፈሩን ከፍታ ዘይት የምታስወጣው። የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው። ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠህ ጫፏ ላይ ትንሽ መንጠቆ አውጣ። በፎርኩና በፓራኦሊው መሃል አስገብተህ ዙሪያውን አዙራት፣ ቆሻሻውን ይዛ ትወጣለች። ጥረግ፣ አሥር ጊዜ ተጫነው፣ እይ። ካቆመ አቆመ። ካላቆመ ያኔ ፓራኦሊ።

የሚያንጸባርቀው ዘንግ ላይ የጠጠር ምት ካለ በጥፍርህ ይታወቅሃል። በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ብቻ አለስልሰው። አለበለዚያ አዲሱንም ፓራኦሊ በሳምንት ይበላዋል። ዘይቱ ደግሞ ወደ ፍሬኑ እንዳይወርድ ተጠንቀቅ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የመስኳ_ልጅ

ስለ ፎርክ ካነሳችሁ፣ የእኔ አንዳንዴ ከቆላ ስወጣ ፊቱ ድርቅ ይልብኝ ነበር። ወደ ሚሌ ወረድ ብለን ከርመን ለስልጠና ደሴ ስወጣ በተለይ። በኋላ ፎርኩ አናት ላይ ያሉትን ትንንሽ ቡሎኖች ፈታ ሳደርግ "ጺስ" ብሎ አየር ወጣ። የተዘጋው የቆላ አየር ነው። 2,000 ሜትር ከፍ ስትል የውጭው አየር ይሳሳል፣ ውስጥ ያለው ግን እንደታመቀ ነው፤ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ይሆናል። አሁን ደጋ ስወጣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ አስተነፍሰዋለሁ።

ጋሽ_ቺያቬ

እሷ የምትለው ቡሎን የመስክ ሞተር ላይ ያለች ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ቡሎን ነች። ቦክሰር ላይ የለችም፣ አትፈልጓት! በስህተት ትልቁን ክዳን የፈታ ሰው ሞላው ገፍቶት ክዳኑ ፊቱ ላይ ይፈነጠራል።

ሐዋሳ_02

ዘይቱን ለመቀየርስ? እኛ ሰፈር የሞተር ዘይት ነው የሚጨምሩት። የፍሬን ዘይትም የሚጨምር አይቻለሁ።

ጋሽ_ቺያቬ

የፍሬን ዘይት በጭራሽ። ፓራኦሊውን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል። የሞተር ዘይት 20 በ50 ደግሞ በጣም ወፍራም ነው፤ የደሴ ጠዋት ላይ ፎርኩ እንጨት ይሆናል። የፎርክ ዘይት 10 ቁጥር ካገኛችሁ እሱ ነው። ከጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይቀርበዋል፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ወፍራም ዘይት ሲሆን ፎርኩ ቀስ ይላል፣ ቀጭን ሲሆን ይፈጥናል። ክሊክ የሌለን ሰዎች ክሊካችን እሱ ነው።

መጠኑን ከመጽሐፉ አንብባችሁ በመለኪያ ብልቃጥ ግራና ቀኝ እኩል አድርጉ። በዓይን "እኩል ነው" አይባልም። አሮጌውን ስታወጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓምፕ አድርጉት፣ ሩቡ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እንቁላል_ጫኝ (ከ12 ቀን በኋላ)

ይቅርታ ጠፋሁ፣ ኩሽኔታው ኮምቦልቻ ጠፍቶ ደሴ ነው ያገኘሁት።

የመሪው ኩሽኔታ ከነመቀመጫው ተቀየረ። አሮጌውን አይቼዋለሁ፣ የጥራጥሬው ቦታ በምስማር የተወጋ ይመስላል። የቀኙ ፎርክ ደህና ነው። የግራው በፕላስቲኩ ዘዴ ለሁለት ቀን አቆመና እንደገና ጀመረ፤ ፓራኦሊው ተቀየረ። ዘይቱ ሲወጣ ግራጫ ነበር፣ ልክ እንደ ዕቃ አጠባ ውሃ፣ ሽታው አይነሳ። ከግራው የወጣው ከቀኙ ግማሹን አይሞላም። ለሁለቱም እኩል 10 ቁጥር አስገባን። ጎማ ፊት 25፣ ኋላ 30 አደረግኩ፤ 28 ላይ ከሣጥኑ ጋር ትንሽ የለሰለሰ መሰለኝ። ጥርሱ ያው 2 ላይ ነው። ሣጥኑ ወደ ፊት መጥቷል፣ ጭዱም ገብቷል።

ትናንት ሐረጎን ስወርድ አንድ እጄን ለቅቄ ሞከርኩት። (አውቃለሁ ጋሼ፣ አይደገምም።) ቀጥ አለ።

እንቁላሉ ዛሬ አንድ ተሰበረ። እሱም ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትሪውን ሳወርድ ከእጄ አምልጦ ነው።

ሐዋሳ_02

እኔም ለካሁ። ብቻዬን ስሆን 16፣ ሰው ስጭን 34። ጠዋት ብቻዬን ስወጣ 3 ላይ፣ ሰው መጫን ስጀምር 5 ላይ ማድረግ ጀመርኩ። ቁልፏን ወንበር ሥር አስሬያታለሁ። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ማመሙ ቀነሰ፣ እኔ እኮ የእርጅና መስሎኝ ነበር።

የመስኳ_ልጅ

ስንት ዓመትህ ነው?

ሐዋሳ_02

27 😅

ጋሽ_ቺያቬ

እንቁላል_ጫኝ፣ አዲስ ኩሽኔታ ትንሽ ይቀመጣል። ከሳምንት በኋላ የፊት ጎማውን አንስተህ ፎርኩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፋ፣ ቅጭልጭል ካለ ዳዶውን ጥቂት አጥብቅ። አብዝተህ ካጠበቅከው መሪው ይከብድና እንደገና ይዋልላል፣ ያኔ እኔን አትውቀስ። ግራው ፎርክ ደረቅ መሆኑን በየጠዋቱ በጣትህ እይ። ዘይት ካገኘህ ጻፍልኝ።

እጅህን ግን አትልቀቅ።